ዘይት ማብዛት ጥንቃቄ አይደለም፤ ስለ ሲሊንደር ዘይት መጠን ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ትላልቅ የመርከብ ሞተሮች የሲሊንደር ዘይት አመጣጠን በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እምብዛም አይገኝም። ሰሞኑን በኢንጂን ሩም ባለሙያዎች መካከል እጅ በእጅ ሲዞር የሰነበተውን ጽሑፍ የጀመርነውም በደስታ ነበር። ባሕር ዳር ሠልጥነው ወደ መርከብ የሚወጡ ጀማሪ ኢንጂነሮች እንደ መመሪያ ሊይዙት እንደሚችሉ ስናስብ ግን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ አምስት ነገር ነው። ዘይት ቢበዛ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሞተሩን አይጎዳም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የነዳጁ ሰልፈር ስለቀነሰ የትኛውም የሲሊንደር ዘይት ያገለግላል። ኤሌክትሮኒክ ሉብሪኬተር (ዘይቱን እየመጠነ የሚሰጥ መሣሪያ) ካለ መጠኑ በራሱ ይስተካከላል። በድሬይን ዘይቱ (ከሲሊንደሩ በሚወርደው ያገለገለ ዘይት) ውስጥ ያለው ብረት ከ200 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 200 እጅ) በታች ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። ላይነር (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ) እና ሪንግ (የፒስተኑ ቀለበት) መቧጨር ሲጀምሩ ደግሞ መድኃኒቱ ዘይት መጨመር ነው። አንድ ነገር እንመስክርለት፤ ጸሐፊው መጠኑ በቀን ሊትር ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት ግራም ይነገር ማለቱ ትክክል ነው። “በቀን 150 ሊትር” የሚለው ቁጥር ሎዱ (ሞተሩ የተሸከመው ጭነት) ካልታወቀ ለማንም አይረዳም። በሌላው ሁሉ ግን አንስማማም።

“ቢበዛ አይጎዳም” ስለተባለው

ከዚህ ስህተት ነው ሌላው ሁሉ የሚወለደው፤ ስለዚህ ጠለቅ ብለን እንየው። ክሮስሄድ (የፒስተኑን ዘንግ ከኮኔክቲንግ ሮድ የሚያገናኝ ክፍል) ባለው ቱ ስትሮክ ሞተር ክራንክኬዝ (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት የታችኛው ክፍል) ውስጥ የሚዞረው ሲስተም ዘይት ሌላ ነው፣ ላይነሩን የሚቀባው ዘይት ሌላ ነው። በመካከላቸው ስተፊንግ ቦክስ የሚባል ማሸጊያ አለ። የሲሊንደር ዘይት አንዴ ገብቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ከፊሉ ይቃጠላል፣ የቀረው ከፒስተኑ ሥር ወዳለው የአየር መግቢያ ክፍል፣ ወደ ስካቬንጅ ስፔስ፣ ይወርዳል፤ ተመልሶ የሚዞርበት መንገድ የለውም። ሥራው ሦስት ነው፦ በሪንግና በላይነር መካከል ስስ ሽፋን መሥራት፣ ከሰልፈር የሚፈጠረውን አሲድ ማምከን፣ የሪንግ ግሩቮችን (ሪንጎቹ የሚቀመጡባቸውን ቦዮች) ከጥቀርሻ ማጽዳት።

መጠኑ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ በቁጥር እናሳይ። 10,000 ኪሎዋት የሚያወጣ፣ 6 ሲሊንደር ያለው፣ የሲሊንደሩ ዲያሜትር 600 ሚሊሜትር የሆነ፣ በደቂቃ 90 ጊዜ የሚዞር ሞተር እንውሰድ። በኪሎዋት ሰዓት 0.6 ግራም ሲሰጠው በሰዓት የሚወስደው 6 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ሲሊንደር 1 ኪሎ ማለት ነው። ሞተሩ በሰዓት 5,400 ጊዜ ስለሚዞር በአንድ ዙር ለአንድ ሲሊንደር የሚደርሰው 0.185 ግራም ገደማ ነው። ላይነሩ ዙሪያውን 8 የዘይት ኩዊል (ዘይቱ የሚወጣበት አፍንጫ) ካለው እያንዳንዱ ኩዊል የሚያወጣው 0.023 ግራም ይሆናል፤ ከግማሽ ጠብታ የሚበልጥ አይደለም። ይህ ግማሽ ጠብታ ከኩዊል እስከ ኩዊል ያለውን 23 ሴንቲሜትር ተኩል መሸፈን አለበት።

ይህን ሲያይ ማንም ሰው “እንግዲያማ እጥፍ እናድርገው” ማለቱ አይቀርም። እጥፍ ማድረግ በቀን 144 ኪሎ የነበረውን 288 ኪሎ ያደርገዋል። ጸሐፊው ጉዳቱን በገንዘብ ብቻ የተመነው እዚህ ላይ ነው። የሲሊንደር ዘይት አልካላይ የሚሆነው በውስጡ ባለው የካልሲየም ውህድ ነው። ይህ ካልሲየም የሚያመክነው አሲድ ካላገኘ ይቃጠልና ከመጀመሪያው ሪንግ በላይ ባለው የፒስተኑ ጎን፣ ቶፕ ላንድ በሚባለው ላይ፣ ግራጫማ ጠንካራ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሲወፍር ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቁጥር ላይነሩን እያሻሸ የዘይቱን ሽፋን ይጠርገዋል። የላይነሩ ወለል እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ዘይት የሚይዙለት ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ። መጨረሻው መቧጨር ነው። ዘይት በመብዛቱ የተነሳ ላይነሩ ደረቀ ማለት ነው። ነገሩ ላልለመደው የሚጋጭ ቢመስልም መንገዱ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። የካስት አይረን ላይነር በመጠኑ በአሲድ መነካት አለበት። ያ ልኩን የጠበቀ ንክኪ የግራፋይቱን ቅንጣቶች ክፍት አድርጎ ያቆያል፣ ዘይቱም እነሱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። አሲዱን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ መጠን ወለሉን ያለሰልሰዋል። ከዚህ በተጨማሪ ትርፉ ዘይት ስካቬንጅ ስፔስ ውስጥ ዝቃጭ ሆኖ ይከማቻል፤ በሪንጎቹ መካከል የሚያልፍ ትኩስ ጋዝ ሲያገኘው የስካቬንጅ እሳት መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ከልኩ በላይ መስጠትን “የደኅንነቱ ወገን” ብሎ ማስተማር ትልቅ በደል ነው።

“ሰልፈር ስለቀነሰ የትኛውም ዘይት ይሆናል” ስለተባለው

ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ባሕሮች ሁሉ የነዳጅ ሰልፈር ጣሪያ 0.50 በመቶ መሆኑ፣ ልዩ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ባሕሮች ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 0.10 በመቶ መሆኑ እውነት ነው። ግን ስክራበር (ሰልፈሩን ከጭሱ የሚያጥብ መሣሪያ) የተገጠመላቸው መርከቦች ዛሬም እስከ 3.5 በመቶና ከዚያም በላይ ሰልፈር ያለው ነዳጅ እያቃጠሉ ይጓዛሉ። ስለ “መርከቦች ሁሉ” በአንድ ቁጥር መናገር አይቻልም።

ለዝቅተኛ ሰልፈር ነዳጅም ቢሆን ዘይቱ የሚመረጠው በስሌት ነው። ቢኤን ማለት አንድ ግራም ዘይት ስንት ሚሊግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚያህል አሲድ ማምከን እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። ሞተሩ በኪሎዋት ሰዓት 170 ግራም ነዳጅ ያቃጥላል እንበል። ነዳጁ 3.5 በመቶ ሰልፈር ካለው በኪሎዋት ሰዓት ወደ 6 ግራም ሰልፈር ይገባል። ያ ሁሉ ሰልፈሪክ አሲድ ቢሆን ለማምከን 21 ግራም የሚጠጋ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልግ ነበር። ቢኤን 100 የሆነ ዘይት በ1.4 ግራም ሲሰጥ የሚያመጣው 140 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከሚያስፈልገው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ 0.67 በመቶ ነው። ይህ በቂ የሚሆነው አብዛኛው ሰልፈር በጋዝ መልክ በጭስ ማውጫው ስለሚወጣ ነው። ላይነሩ ላይ ጤዛ ሆኖ የሚቀረው ጥቂቱ ነው።

አሁን 0.50 በመቶ ነዳጅ እንውሰድ። በዚያው ስሌት ሙሉው አሲድ 3 ግራም ገደማ ይጠይቃል። ቢኤን 100 ዘይት በዝቅተኛው መጠን፣ በ0.6 ግራም ቢሰጥ 60 ሚሊግራም ያመጣል፤ 2 በመቶ ማለት ነው። ቀድሞ በቂ ከነበረው ሦስት እጥፍ ሆነ። ቢኤን 40 ዘይት በ0.6 ግራም ግን 24 ሚሊግራም፣ 0.8 በመቶ ይሆናል፤ ከቀድሞው ልክ ጋር ተቀራራቢ ነው። ለ0.50 በመቶ ነዳጅ ቢኤን 40 የተለመደው ከዚህ የተነሳ ነው። ታንክ ውስጥ የተረፈውን ቢኤን 100 ለወራት ያለማቋረጥ መጠቀም ከላይ ያየነውን ቅርፊት መጋበዝ ነው።

ከ0.6 በታች ለምን አይወረድም ለሚለው መልሱ ከአሲዱ ጋር አይገናኝም። ማን ቢ ኤንድ ደብልዩ (MAN B&W) በሚባሉት ሞተሮች የተለመደው ስሌት ፋክተር የሚባለውን የማስተካከያ ቁጥር በነዳጁ የሰልፈር መቶኛ ማባዛት ነው፤ ፋክተሩ 0.40፣ ሰልፈሩ 3.5 ከሆነ 1.4 ግራም ይመጣል። በ0.50 በመቶ ነዳጅ ግን 0.2 ግራም ይወጣል። በ0.2 ግራም አሲዱ ይመክናል፣ ሽፋኑ ግን አይሠራም፣ ግሩቮቹም አይታጠቡም። 0.6 የተቀመጠው ለሽፋኑ ነው።

ቢኤን ብቻ ደግሞ ሙሉውን አይናገርም። ሁለት ዘይቶች ሁለቱም ቢኤን 40 ሆነው አንዱ ግሩቩን ንጹሕ አድርጎ ሲያቆይ ሌላው ላያቆይ ይችላል። የሞተሩ አምራች ማን (MAN) ዘይቶችን በአንደኛና በሁለተኛ ምድብ የከፈለው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ምድብ የማጽዳት አቅሙ ከፍ ያለው ነው። ሪንጎች መጣበቅ ከጀመሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ግራም” ሳይሆን “የትኛው ምድብ” ነው።

የዘይት ቅያሬ ጊዜም ይታሰብበት። ከቫልቩ እስከ ሉብሪኬተሩ ያለው ቧንቧ 20 ሊትር ቢይዝና ሞተሩ በሰዓት 6.5 ሊትር ቢወስድ፣ አዲሱ ዘይት ላይነሩ የሚደርሰው ቫልቩ ከተቀየረ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው።

“ኤሌክትሮኒኩ በራሱ ያስተካክላል” ስለተባለው

ኤሌክትሮኒክ ሉብሪኬተር ትልቅ መሻሻል መሆኑን እኛም እንመሰክራለን። የድሮው ሜካኒካል ሉብሪኬተር ዘይቱን የሚሰጠው በአዟዟር ፍጥነት ልክ ነበር። ፕሮፔለር የሚነዳ ሞተር ሎዱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ወደ 79 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በኪሎዋት ሰዓት የሚደርሰው ዘይት 1.59 እጥፍ ይሆናል። በ25 በመቶ ሎድ ደግሞ ከሁለት እጥፍ ተኩል ያልፋል። ኤሌክትሮኒኩ በሎድ ልክ ስለሚሰጥ ይህን አስቀርቷል። እሱም ቢሆን በጣም ዝቅተኛ ሎድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ25 በመቶ በታች፣ ወደ ፍጥነት ልክ ይመለሳል።

ግን የማያውቃቸው ነገሮች አሉ። የነዳጁን ሰልፈር አያውቅም፤ የሚያስገባው ሰው ነው። ስክራበር ያለው መርከብ 3.4 በመቶ ነዳጅ ጨርሶ 2.3 በመቶ ሲጀምር፣ ፋክተሩ 0.25 ከሆነ ከ0.85 ግራም ወደ 0.6 መውረድ ነበረበት። ቁጥሩን የሚቀይር ካልተገኘ ሞተሩ በአሮጌው ነዳጅ ቁጥር ሳምንታት ይሄዳል።

ዘይቱ የት እንደደረሰም አያውቅም። በአልፋ ሉብሪኬተር (በማን ሞተሮች ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ ዓይነት) ላይ ያለው ሴንሰር የሚያየው የፓምፑ ፒስተን መንቀሳቀሱን ነው። መብራቱ ብልጭ ማለቱ ኩዊሉ ጫፍ ላይ ዘይት ወጣ ማለት አይደለም። ቧንቧው በመጋጠሚያው ቢያፈስ፣ የኩዊሉ ነን ሪተርን ቫልቭ ቢቆሽሽና የሲሊንደር ጋዝ ወደ ኋላ ቢገባ፣ ፓነሉ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ላይነሩ ላይ ግን ከዚያ ኩዊል በታች ደረቅ መስመር ይታያል። በኩዊሎች መካከል አልካሊው ቀድሞ ስለሚያልቅ እዚያ ያለው ግድግዳ በአሲድ ይበላል፤ ክቡ ላይነር ባለ ቅጠል አበባ ቅርጽ ይይዛል።

ስለዚህ ወደብ ላይ ሞተሩ ቆሞ ሳለ በዓይን ይታያል። የማስነሻ አየሩ ይዘጋ፣ ተርኒንግ ጊሩ (የቆመውን ሞተር በዝግታ የሚያዞረው ጊር) ይግባ፣ ኢንዲኬተር ኮኮች (በየሲሊንደሩ ራስ ላይ ያሉት ትናንሽ ቫልቮች) ይከፈቱ፣ ስካቬንጅ ስፔሱ በቂ አየር አግኝቶ ኦክስጅኑ ይለካ። ፒስተኑ ወደ ታች ወርዶ ኩዊሎቹ ሲታዩ አንዱ ሰው ፕሪሉብ (ሞተሩ ሳይነሳ ዘይት የሚሰጥ ቁልፍ) ይጫን፣ ሌላው በመብራት ኩዊሎቹን አንድ በአንድ ይቁጠር። 8 ካሉ 8ቱም ማውጣት አለባቸው፤ 7 ካወጡ መጠኑን ለሁሉም መጨመር የስምንተኛውን ድርቀት አይፈውስም።

በየቀኑ ደግሞ ታንኩ ይለካ። ሞተሩ 24 ሰዓት በአማካይ 6,500 ኪሎዋት ከሠራ 156,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፓነሉ 0.8 ግራም ካለ 125 ኪሎ ገደማ መሄድ አለበት፤ ዘይቱ በታንኩ ሙቀት በሊትር 0.92 ኪሎ ቢመዝን 136 ሊትር። ታንኩ የወረደው 165 ሊትር ከሆነ እውነተኛው መጠን 0.97 ነው። ልዩነቱ ወይ ፍሳሽ ነው፣ ወይ የተሳሳተ የሎድ ሲግናል ነው። ይህን ለማወቅ ሳውንዲንግ ቴፕ (የታንክ መለኪያ ሜትር) እና አሥር ደቂቃ ይበቃል።

“ብረት ከ200 በታች ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው” ስለተባለው

200 ሚሊግራም በኪሎ እንደ መነሻ መጥፎ ቁጥር አይደለም። ብቻውን ሲቆም ግን ያታልላል።

መጀመሪያ፣ ፒፒኤም የሚናገረው ብረቱ በስንት ዘይት እንደተበረዘ ጭምር ነው። በ1.2 ግራም 100 ፒፒኤም ያሳየ ሲሊንደር እና በ0.6 ግራም 200 ፒፒኤም ያሳየ ሲሊንደር በኪሎዋት ሰዓት ያጡት ብረት በግምት እኩል ነው፤ ሁለቱም 0.12 ሚሊግራም። ዘይት ያበዛ ሰው ንባቡ ስላማረ ብቻ ሲሊንደሩ የተሻለ ይመስለዋል። ቁጥሩን በመጠኑ እያባዙ ማነጻጸር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ መርከብ ላይ በብዛት የሚገኘው የማግኔት መለኪያ የሚያየው የብረት ብናኝ ነው። በአሲድ ተበልቶ ወደ ጨውነት የተቀየረው ብረት ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ ኮልድ ኮሮዥን (በቀዘቀዘ ግድግዳ ላይ በሚጤዝ አሲድ መበላት) ላይነሩን እየጨረሰው ሳለ መለኪያው 60 ሊያሳይ ይችላል። በድሬይን ዘይቱ ውስጥ የቀረው ቢኤን አብሮ ካልተለካ የብረቱ ቁጥር ዋጋ የለውም። ከፍተኛ ሰልፈር በሚያቃጥል ሞተር ላይ የቀረው ቢኤን ከ10 በታች ከወረደ አደጋ ነው፣ የብረቱ ንባብ ምንም ይሁን ምን።

ሦስተኛ፣ ስተፊንግ ቦክሱ የሚያፈስ ከሆነ ሲስተም ዘይት ከናሙናው ጋር ይቀላቀላል፤ ብረቱንም ቢኤኑንም ዝቅ ያደርጋቸዋል። በላቦራቶሪ ውጤቱ ላይ ዚንክና ፎስፎረስ ከፍ ብለው ከታዩ ምንጩ እሱ ነው።

የናሙናው አወሳሰድም ውጤቱን ያበላሻል። ሞተሩ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት በአንድ ሎድ ይሂድ። የድሬይን ቧንቧው መጀመሪያ ይታጠብ፣ የቆየው ዝቃጭ ይውጣ፣ ከዚያ ቫልቩ ተዘግቶ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠራቀምና ንጹሕ ጠርሙስ ይሞላ። ጠርሙሱ ላይ የሲሊንደሩ ቁጥር፣ ሎዱ፣ የነዳጁ ሰልፈር፣ የዘይቱ ቢኤን፣ መጠኑ፣ የላይነሩና የሪንጎቹ ሰዓት ይጻፍ። በማን ኩባንያ ሞተሮች ላይ ትክክለኛውን ፋክተር ለማግኘት የሚደረገው ሙከራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በአንድ ዓይነት ከፍተኛ ሰልፈር ነዳጅና በአንድ ሎድ 1.4፣ 1.2፣ 1.0፣ 0.8፣ 0.6 እያሉ በየደረጃው 24 ሰዓት መቆየትና ከየሲሊንደሩ ናሙና መውሰድ ነው። በመካከሉ ነዳጅ ከተቀየረ ሙከራው እንደገና ይጀመር።

ስለ ጃኬት ውሃ (ሲሊንደሩን ስለሚያቀዘቅዘው ውሃ) ጽሑፉ አንድም ቃል አለመናገሩ ይገርመናል። ዝግ ብሎ የሚጓዝ መርከብ ላይ ላይነሩ ይቀዘቅዛል፣ አሲዱም ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። አምራቹ በሚፈቅደው ልክ የጃኬት ውሃውን መውጫ ከ80 ወደ 85 ወይም 90 ዲግሪ ማሳደግ ዘይት ሳይጨመር የአሲዱን መጠን ይቀንሳል።

“መቧጨር ሲጀምር ዘይት ጨምር” ስለተባለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። የአንድ ሲሊንደር ላይነር ሙቀት ድንገት ሲዘል፣ ወይም ከሥሩ ያለው የስካቬንጅ ሙቀት ሲወጣ፣ የዚያን ሲሊንደር ዘይት ወደ 150 ወይም 200 በመቶ ማሳደግና ሎዱን መቀነስ ትክክለኛው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። “የዚያን ሲሊንደር” የሚለው ይሰመርበት፤ ጽሑፉ እንደሚለው የሁሉንም ማሳደግ አይደለም።

ግን ዘይት ጊዜ ይገዛል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም። ምክንያቱ ካትፋይን (ከነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ በነዳጁ ውስጥ የሚቀር ጠንካራ ብናኝ) ከሆነ የዘይት ባሕር ቢፈስበት ለውጥ የለውም። ነዳጁ ሲገዛ አሉሚኒየምና ሲሊከን በድምር እስከ 60 ሚሊግራም በኪሎ ሊኖረው ይፈቀዳል፤ ሞተሩ ሲገባ ግን ከ15 እንዳያልፍ ይመከራል። በመካከል ያለው ሴፓሬተር (ነዳጁን የሚያጠራው ማሽን) ነው፤ ነዳጁ 98 ዲግሪ ደርሶ በዝግታ ማለፍ አለበት። ሴፓሬተሩ በ85 ዲግሪ እየሠራ ዘይት መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

ምክንያቱን የሚናገረው የስካቬንጅ ፖርት (የላይነሩ የአየር መግቢያ ቀዳዳ) ምርመራ ነው። ሪንጉ በእንጨት ዘንግ ሲገፋ እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል ወይስ ተጣብቋል? ወለሉ በዘይት ወዝቶ ያብረቀርቃል ወይስ ደብዝዞ ቁልቁል ጭረት ይዟል? የሪንጉ ጠርዝ ክብ ነው ወይስ እንደ ምላጭ ስል ሆኗል? ቶፕ ላንዱ ላይ ቅርፊት አለ? ቅርፊት ካለና ሪንጉ ከተጣበቀ ዘይት መጨመር ሳይሆን ቢኤኑን ማውረድና የማጽዳት አቅም ያለውን ዘይት መያዝ ነው መፍትሔው። ጭረቱ ትኩስ ሆኖ ሁሉም ሪንጎች ስል ጠርዝ ካወጡ ግን ምንም ዓይነት መጠን አይመልሳቸውም፤ ፒስተኑ ይውጣ፣ ሪንጎቹ ይቀየሩ፣ የላይነሩ ጠንካራ ወለል በድንጋይ ይታሽ፣ ዲያሜትሩ በየደረጃው ይለካ።

አዲስ ሪንግ ወይም ላይነር ሲገባ መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት 1.5 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ከዚያ አምራቹ ባስቀመጠው ሰሌዳ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ከመውረድ በፊት ፖርቱ ይከፈትና ሪንጎቹ ይታዩ፤ ወለሉ ገና ሻካራ ከሆነ ሰዓቱ ቢሞላም መጠኑ ባለበት ይቆይ።